ቆጣሪው 214,603 ላይ ቆሟል

ስልኩን ሳነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ስንት ሄዳለች?»

«ቆጣሪው 214,603 ይላል» እላለሁ።

«ኧረ ጥሩ ነው! ለዕድሜዋማ ምንም አይደል።»

እዚህ ላይ አፌን ብዘጋ ኖሮ መኪናዋ በመጀመሪያው ሳምንት ትሸጥ ነበር። ግን አያስችለኝም። «ቆጣሪው ከቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል» እላለሁ። ዝም ይላሉ። ቀጥሎ «እሺ፣ መልሼ እደውላለሁ» ይመጣል። የደወለ የለም።

የአባቴን መኪና ለመሸጥ ሦስት ወር ፈጀብኝ። ሁለቱ ወር የባከነው በዚህች ቁጥር ነው።

መኪናዋ ቮልቮ 240 ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ1986 ስሪት፣ ስቴሽን ዋገን። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ዛሬ ዛሬ «ስቴሽን» ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣበት ከመሬት ከፍ ያለው ትልቁ መኪና ነው። እኔ የምላችሁ የዱሮውን ነው። ከፊት ሲያዩት ተራ የቤት መኪና። ከኋላ ግን ጣሪያው ዝቅ ሳይል እስከ ጫፍ ይሄዳል፣ የኋላው በርም ወደ ላይ ይከፈታል። ስሙ የመጣው ከባቡር ጣቢያ ነው። ከባቡር የወረደውን መንገደኛ ከነሻንጣው የሚያመላልሱ፣ ቦዲያቸው ከእንጨት የተሠራ መኪኖች ነበሩ። የኋለኞቹ ቤተሰብ ጫኞች የእነሱ የልጅ ልጆች ናቸው።

ቮልቮ 240ን ከ1974 እስከ 1993 ሲሠራ ኖሯል። ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ወጥተዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን መልኳ ብዙም አልተለወጠም። ለአንድ ሕፃን እርሳስ ሰጥታችሁ መኪና ሣል ብትሉት እሷን ነው የሚሥለው፤ ሳጥን በሳጥን ላይ። በ1984 አካባቢ ሚኒቫን የሚባለው መጣ፣ ከዚያ ረጃጅሞቹ መኪኖች መጡና የስቴሽን ዋገን ገበያ ቀዘቀዘ። ብዙዎቹ ዕቃ ሲጭኑ ኖረው ቆሻሻ ላይ ተጣሉ። ደህና ሆኖ የተረፈ ለማግኘት የሚያስቸግረውም ለዚህ ይመስለኛል። የስፖርት መኪና ሰው ያቅፈዋል፣ ይሸፍነዋል። የቤተሰብ መኪናን ማን ያቅፋል?

አባቴ ያቅፋል።

በ1988 ሲገዛት የሁለት ዓመት መኪና ነበረች፤ 38,000 ኪሎ ሜትር ሄዳ ነበር። ይህን የማውቀው ከደብተሩ ነው። አራት ደብተሮች አሉ፣ ጠንካራ ሽፋን ያላቸው። እያንዳንዱ ገጽ በማስመሪያ አራት ቦታ ተከፍሏል፦ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ሊትር፣ ምርመራ። ነዳጅ በቀዳ ቁጥር ይጽፋል። ዘይት ሲቀየር ይጽፋል። «ምርመራ» የሚለው ቦታ ላይ አንዳንዴ አንድ ቃል ብቻ አለ፤ «ዝናብ»።

ከ2011 በኋላ የኪሎ ሜትሩ ቦታ ላይ ያለው ሰረዝ ብቻ ነው። ያኔ ነው ቆጣሪው የቆመው። ከክሩስኮቱ ጀርባ የትንሿን ጣት ጥፍር የምታክል የፕላስቲክ ጥርስ አለች። ዕድሜ ሲጫናት እንደ ደረቀ ጭቃ ትፈረፈራለች። የፍጥነቱ ቀስት እንደወትሮው ይሠራል፤ ቁጥሮቹ ብቻ መዞር ያቆማሉ። በዚያ ዘመን በተሠሩት 240ዎች ላይ የታወቀ በሽታ ነው። ጥርሷ ርካሽ ናት፤ ሥራውም እጁ ለገባበት ሰው ግማሽ ቀን አይፈጅም። አባቴ ግን አላሠራውም።

ያኔ ለምን ብዬ ጠይቄው ነበር።

«ያመለጠውን ማን ይጨምርለታል?» አለኝ። «እንደቆመ ቢቀር መቆሙን ሁሉም ያየዋል። ከተሠራ በኋላ ግን ዕድሜ ልኩን ሲዋሽ ይኖራል።»

ይህን ለገዢ በስልክ ማስረዳት ቀላል አይደለም።

በመጨረሻ ሒሳብ ሠራሁ። ከ2011 ጀምሮ የተቀዳውን ነዳጅ ሁሉ ደመርኩት። ሁለት ምሽት ወሰደብኝ። 4,300 ሊትር ሆነ። ቆጣሪው ደህና በነበረበት ዘመን መኪናዋ በ100 ኪሎ ሜትር በአማካይ 10.5 ሊትር ትጠጣ ነበር፤ እሱንም ከደብተሩ አወጣሁት። ስለዚህ ከቆመ በኋላ ወደ 41,000 ኪሎ ሜትር ሄዳለች ማለት ነው። በድምሩ ወደ 255,000 ገደማ። ከዚያ በኋላ ለሚደውል ሁሉ ይህንኑ ሒሳብ እነግረው ጀመር። ግማሾቹ ሳቁብኝ። ግማሾቹ ደግሞ፣ የሚገርመው፣ ከበፊቱ የበለጠ አመኑኝ።

ሊያያት የመጣ ሁሉ የሚላት አንዲት ነገር አለች። «እንዴት ተጠብቃለች!» ይላል፣ ወንበሩን በመዳፉ እየዳሰሰ። እንዴት እንደተጠበቀች እኔ ልንገራችሁ። በእኛ ላይ ነው የተጠበቀችው።

ወንበሩ ላይ ብርድ ልብስ ነበረ። ብርድ ልብሱ ላይ ፎጣ ነበረ። እኛ ፎጣው ላይ ነበርን። ከመግባታችን በፊት በሩ ላይ ተቀምጠን፣ እግራችንን ወደ ውጭ አድርገን፣ ጫማችንን እርስ በርሱ ሦስት ጊዜ ማጋጨት ነበረብን። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ሁለት ጊዜ ብቻ ካጋጨን አባቴ ሞተር አያስነሳም። ዝም ብሎ ይጠብቃል። መኪና ውስጥ መብላት የሚባል ነገር የለም። ውሃ ይፈቀዳል፣ እሱም መኪናዋ ስትቆም። ፀሐይ ክሩስኮቱን እንዳይሰነጥቀው ባቆማት ቁጥር ጨርቅ ያለብሰዋል። የእነዚህ መኪኖች ክሩስኮት በፀሐይ የመሰንጠቅ ዓመል ስላለበት ልክ ነበር፤ የእኛዋ እስካሁን አንድ ስንጥቅ የላትም። ልክ መሆኑ ግን ያኔ አላጽናናንም።

እማዬ በዚህ ጉዳይ እስከዛሬ አልበረደላትም። «እኔ ታምሜ ሐኪም ቤት ስሄድ እንኳ ፎጣ አንጥፎ ነው ያስቀመጠኝ» ትላለች። መኪናዋ ልትሸጥ ነው ስላት ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ለከፈለው ስጡትና ቦታው ይለቀቅ።»

ደግ ቦታም ነበራት። መጨረሻ ላይ፣ ዕቃ መጫኛው ወለል ሥር፣ የምትታጠፍ ሦስተኛ ወንበር አለች። ለልጆች ብቻ ናት፤ ፊቷም ወደ ኋላ ነው። እዚያ የተቀመጠ ልጅ የሚያየው ያለፈውን መንገድና ከኋላ የሚመጣውን ሹፌር ፊት ነው። ሌላው ሰው መታጠፊያውን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ አንተ ግን ከታጠፍክ በኋላ ነው የምታውቀው። ከእህቴ ጋር የማናውቃቸውን ሹፌሮች እጅ ስንነሳ እንውላለን። መልሶ እጅ ያልነሳንን ሰው እናስታውሰዋለን፤ ሲቀድመን ምላስ እናወጣበታለን። ወላጆቻችን ሁለት ሜትር ያህል ርቀው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ምንም አያዩም። በዓለም ላይ ከዚያ የተሻለ ወንበር የለም ብዬ አምን ነበር።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ከዚያ ወንበር ለአንድ ወር ታገድኩ። የጫኛው ወለል ላይ፣ በስተግራ፣ አንድ ስንዝር የሚሆን ጭረት ተገኘ። ወለሉን አልፎ የጎኑን ፕላስቲክም ፍቆታል። እኔ የብረት መጫወቻ መኪና ነበረኝ። ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገም። አልቅሼ ማልኩ፤ አልታመንኩም። ለአንድ ወር መካከለኛው ወንበር ላይ፣ ፎጣዬ ላይ፣ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። እህቴ ብቻዋን ከኋላ ሆና ለሹፌሮች እጅ ስትነሳ እሰማት ነበር።

ጭረቷ በመላ መኪናዋ ውስጥ ያለች ብቸኛዋ ጉድለት ናት ማለት ይቻላል። ለሽያጭ ፎቶ ሳነሳ በጥሩ ብርሃን፣ ከቅርብ አነሳኋት። ምክር ከፈለጋችሁ ይህ አንዱ ነው፦ ጉድለቱን ከመልካሙ ጎን በደንብ አሳዩ። ገዢ መጥቶ ራሱ ያገኘው ጭረት አንድ ስንዝር ከሆነ በዓይኑ ሁለት ስንዝር ነው።

ሌላው ምክሬ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። የመጀመሪያው ቁም ነገረኛ ገዢ በሚመጣበት ጠዋት መኪናዋ ቀጠሮውን ታከብራለች ወይ ብዬ ሰጋሁ። አባቴ ዓይኑ ደክሞ መንዳት ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል። እኔ አልፎ አልፎ ሞተሯን አስነሳ ነበር እንጂ ርቃ አልሄደችም። ስለዚህ አዲስ ባትሪ አስገባሁ፤ የቆየውን ነዳጅ አስወጥቼ አዲስ ቀዳሁ። እንግዳው ከመድረሱ በፊትም ሃያ ደቂቃ ያህል አሞቅኋት። ክብር መስሎኝ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ቤት እንደሚጠረገው።

ሰውዬው ደረሰ፣ ሰላም አለኝ፣ ቀጥሎ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ።

«ለምን አሞቅካት?»

ቀዝቃዛ ሞተር እንዴት እንደሚነሳ የሞተሩን እውነት ይናገራል። የመጀመሪያው ጭስ ምን ቀለም አለው፣ ድምፁ ምን ያህል ቆይቶ ይረጋጋል፣ ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ደቂቃ ይታያል። አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ አንድ ነገር ይደብቃል ተብሎ ነው የሚታሰበው። አቀርቅሬ እንደ ሌባ ቆምኩ። «ነገ ጠዋት እመጣለሁ። እንዳትነካት» ብሎ ሄደ።

በማግስቱ መጣ። በአንድ ዙር ተነሳች። ከዚያ ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለች ማግኔት አወጣና ፓራፋንጎውን፣ የበሮቹን ታች፣ የኋላውን በር ዙሪያ እየለጠፈ ዞረ። ማግኔት ላሜራ ላይ ጥብቅ ይላል፤ ከሥር ስቱኮ ካለ ይንሸራተታል። የ240 ስቴሽን ዋገን ዝገት የሚወደው የኋላው መስታወት ዙሪያ ስለሆነ እዚያ ላይ ብዙ ቆየ። ማግኔቷ አንድም ቦታ አልወደቀችም። ቀጥሎ ወደ ጎማ ጎንበስ አለ። ጥርሱ ወፍራም ነው ብዬ ልኮራ ስል ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች በጣቱ አሳየኝ፦ 2214። በ2014 በ22ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። ይህን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ሽቦዎቹን ሲያይ ግን ፊቱ ተፈታ። በ1980ዎቹ የወጡት ብዙዎቹ 240ዎች የሞተር ሽቦ ሽፋን በሙቀት እየተፈረፈረ ሽቦውን ራቁቱን ያስቀረዋል። የእኛዋ ላይ ሽፋኑ ደህና ነበር። ሁለተኛው ደብተር ላይ አገኘሁለት፦ 1994፣ «የሞተር ሽቦ ሙሉ በሙሉ ተቀየረ»።

ሰውዬው ሰብሳቢ ነው። ፊቫ የሚባለው ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ለታሪካዊ መኪና ያወጣው መስፈርት እንዳለ የነገረኝ እሱ ነው። ዕድሜዋ ቢያንስ 30 ዓመት፣ በጥንት ይዞታዋ የተጠበቀች፣ ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማታገለግል። ሦስተኛዋን ስሰማ ሳቄ መጣ። በዚህ ሚዛን የእኛዋ ክላሲክ የሆነችው አባቴ ቁልፉን ያስቀመጠ ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ታገለግል ነበራ።

ዋጋ ጠራ። እኔ ከጠበቅሁት በላይ ነው። አባቴ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሁሉንም ይሰማ ነበር። ሰውዬው ሊያስደስተው ፈልጎ፣ «አባባ፣ አያስቡ፤ የቆጣሪውን ጥርስ እቀይርና ከዚሁ ከ214,603 ላይ አስነሳዋለሁ። እንደ አዲስ ትሆናለች» አለው።

አባቴ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ በጣም በጨዋ ድምፅ፣ «ልጄ፣ መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ» አለው።

ሰውዬው ምርቃት መስሎት አመሰገነ። ስንብት መሆኑ የገባው ቆይቶ ነው። እኔ በበኩሌ ተናድጄ ነበር። ብሩ ያስፈልገን ነበር፤ ሌላ ሁለት ሳምንትም የሚደውል ሰው ጠፋ። እማዬ በየምሽቱ «ቦታው አልተለቀቀም?» ትላለች።

በመጨረሻ የመጣው ሰው ሴት ልጁን ይዞ ነው የመጣው። ሰባት ዓመት ይሆናታል። ስለ ኪሎ ሜትር ሳይጠይቅ ስለ ደብተሩ ጠየቀ። አራቱንም አመጣሁለት። ሳሎን ተቀምጦ ማንበብ ጀመረ። እያንዳንዱን ገጽ። ልጁ ሰለቻት፤ እኔም ሰለቸኝ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሦስት ገጽ ወደ ኋላ መለሰና፣ «የኋላዋ ጭረት ይቺ ናት አይደል?» አለኝ። ከዚያ ጮክ ብሎ አነበበ።

«የኋላ ወለል በስተግራ ተጭሯል። ብስክሌት ሳወጣ። የእኔ ጥፋት።»

ደብተሩን ተቀበልኩት። የአባቴ ጽሕፈት ነው። 1991። ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ 38 ሊትር፣ ሁሉም በየቦታው ተጽፏል።

ወደ አባቴ ዞርኩ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጓል።

«አባዬ?»

«ጽፌዋለሁ እኮ» አለ።

«ለደብተሩ ነዋ የጻፍከው!»

«ደብተሩ ክፍት ነበር። እንዳታነብ ማን ከለከለህ?»

እማዬ ከውስጥ ሆና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ሰውዬው አንዴ እኔን አንዴ አባቴን ያያል። ለእህቴ ደወልኩላት። ዜናውን ሰምታ ብዙ ሳቀችና፣ «በል ተወው፤ ያ ወር በሕይወቴ ምርጡ ወር ነበር» አለችኝ።

እኔ ግን ሁለት ቀን አኮረፍኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ለአንድ ስንዝር ጭረት። ከቆጣሪ ጋር እንኳ ላለመዋሸት አሥራ ምናምን ዓመት ሰረዝ ሲያሰምር የኖረ ሰው፣ የዘጠኝ ዓመት ልጁን ዓይን እያየ ዝም ብሏል። መጠየቅ ፈለግሁ። ግን ምን ብዬ? ደግሞም ልክ ነው፤ ጽፎታል። ሊያጠፋው፣ ገጹን ሊቀደው ይችል ነበር። ደብተሩን ለገዢ ስጥ ያለኝም ራሱ ነው። ረስቶት ይሁን ወይ እንዲነበብለት ፈልጎ ይሁን አላወቅሁም።

ለሰውዬው ሸጥንለት። ከሰብሳቢው ያነሰ ነው የከፈለው። ቆጣሪውን እንዳለ እተወዋለሁ አለ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ደግሞ በደብተሩ እቀጥልበታለሁ አለ። አባቴ ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ ስለ ዋጋው አንድ ቃል አልተነፈሰም።

የርክክቡ ቀን ሊብሬው፣ ሁለቱ ቁልፎች፣ ክሪኩ፣ የተጠባባቂ ዕቃዎቹ ካርቶን፣ አራቱ ደብተሮች ሁሉ ተሰጡ። ሞተሩ ተነስቷል። አባቴ ምርኩዙን ይዞ እስከ በሩ ወጣና፣ «አራተኛውን ደብተር መልስልኝ» አለ። ሰውዬው ከመስኮቱ አቀበለው። አባቴ ደግሞ ለእኔ ሰጠኝ፤ ዓይኑ መስመሩን አይለይም።

«ቀን» አለኝ። ጻፍኩ።

«ኪሎ ሜትር።»

«ምን ልበል?»

«ሰረዝ።»

«ነዳጅስ?»

«ገብተህ እየው።»

አንገቴን አስገብቼ አየሁት። ከግማሽ ትንሽ ያንሳል። ጻፍኩ።

«ምርመራ» የሚለው ጋ ስደርስ ቆምኩ። አባቴ ጆሮውን ወደ መኪናዋ ጣል አድርጎ ያዳምጣል። የኋላው በር ተከፈተ፣ ልጅቷ ወደ ትንሿ ወንበር ዘላ ገባች፣ አባቷ በሩን ዘጋላት።

«ጫማዋን አላራገፈችም» አለ።

«እሱን ልጻፍ?»

«ጻፍ።»

ጻፍኩት።